ገጣሚዎቹ ሳንስክሪትን ለምን ተዉ? ስለ ባክቲና ስለ ሕንድ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ስለ ሕንድ ታሪክ ባነበብኳቸው አጫጭር ጽሑፎች ሁሉ አንድ ነገር ተደጋግሞ ይነገራል፤ ባክቲ የሚባለው የሂንዱዎች ሃይማኖታዊ መነቃቃት የሊቃውንቱን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትን ትቶ በሕዝቡ ቋንቋ መዘመር እንደጀመረና የማራቲ፣ የሂንዲ፣ የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፎችም በዚያ ምክንያት እንደተወለዱ። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሸማኔዎችና ገረዶች የገጠሙትስ እንዴት እስከ ዛሬ ሊደርስ ቻለ?»

የቀረቡት ጥያቄዎች ሁለት ቢሆኑም የሁለተኛው መልስ ለመጀመሪያውም ቁልፍ ስለሆነ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ። ባጭሩ፣ ባክቲ የአገሬውን ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ አልወለደም፤ በብዙ ቦታ ተወልዶ ነው ያገኘው። ያደረገለት ነገር ግን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በቤተ መንግሥትና በገዳም ደጅ ይኖር የነበረውን ጽሑፍ ወደ ዘማሪ አፍ፣ ወደ ተሰብሳቢ ጆሮና ወደ መንገደኛ እግር አውርዶ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ጭምር የኔ ነው የሚለው ሀብት አደረገው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባክቲ» ራሱ የሳንስክሪት ቃል ሲሆን መካፈልን፣ የአንድ ነገር ወገን መሆንን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው። አምላኪው ቪሽኑን፣ ሺቫን፣ ክሪሽናን ወይም ራማን እንደ ጌታው፣ እንደ ወዳጁ፣ እንደ ልጁ ወይም እንደ ፍቅረኛው አድርጎ የሚቀርብበት የአምልኮ መንገድ ማለት ነው። «እንቅስቃሴ» የሚለውን ስም ያከሉበት የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ናቸው። በታሚል ምድር በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ከተሰሙት መዝሙሮች አንስቶ የማራቲው ገጣሚ ቱካራም እስካረፈበት እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያህል አለ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ አንድ መሪም፣ አንድ ማዕከልም፣ አንድ ቀኖናም አልነበረም። ስለዚህ «ባክቲ እንዲህ አደረገ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ የትኛው፣ የት፣ መቼ ብለው ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

የተለመደውን አባባል በመጀመሪያ የሚያፈርሰው በካርናታካ የሚነገረው የካንናዳ ቋንቋ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በራሽትራኩታ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በካንናዳ ግጥም እንዴት እንደሚገጠም የሚያስተምር «ካቪራጃማርጋ» የተባለ መጽሐፍ ተጽፏል። በ941 ደግሞ የጃይን እምነት ተከታይ የነበረው ፓምፓ ማሃባራታ የተባለውን ጥንታዊ የጀግኖች ትረካ በካንናዳ አዘጋጅቶ፣ ያሳደረውን መስፍን ከጀግናው ከአርጁና ጋር እያመሳሰለ አወድሶበታል። በቴሉጉ ቋንቋም ናንናያ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማሃባራታን ማዘጋጀት የጀመረው በንጉሥ ጥያቄ ነው። በካንናዳ ምድር የሺቫ አምላኪው ባሳቫና ባልደረቦቹ የተነሡት ከዚህ ሁሉ በኋላ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ የጻፉበት ቋንቋ ያን ጊዜ ሦስት መቶ ዓመት የዘለቀ የጽሑፍ ባህል ነበረው። አሜሪካዊው የሳንስክሪት ሊቅ ሼልደን ፖሎክ ከዚህ ተነሥቶ፣ የአገሬው ቋንቋ ወደ ሥነ ጽሑፍ የገባው በቤተ መንግሥት ፖለቲካ እንጂ በአምልኮ አይደለም ብሎ በሰፊው ተከራክሯል። ለካንናዳና ለቴሉጉ ክርክሩ በቀላሉ የሚረታ አይመስለኝም። ወደ ማራቲ ሲሻገር ግን ይሰነካከላል፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ታሚል የራሱ ጉዳይ ነው። ከባክቲ ገጣሚዎች ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ የፍቅርና የጦርነት ግጥም የነበረው ጥንታዊ የጽሑፍ ቋንቋ በመሆኑ ባክቲ ወለደው ማለት ጨርሶ አይቻልም። አዲስ ነገር የመጣው ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቪሽኑን የሚያመልኩት 12ቱ አልቫሮችና ሺቫን የሚያመልኩት 63ቱ ናያናሮች በየመቅደሱ እየዞሩ፣ እያንዳንዱን ቦታ በስሙ እየጠሩ መዘመር ሲጀምሩ ነው። ድሮ ለተለየች ፍቅረኛ ይገጠም የነበረው የናፍቆት ግጥም ለአምላክ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መዝሙሩ ቋሚ ሥራና ደመወዝ አገኘ። በ1010 በተጠናቀቀው በታንጃቩር ታላቅ መቅደስ ግድግዳ ላይ ንጉሥ ራጃራጃ ቾላ 48 ዘማሪዎችና 2 ከበሮ መቺዎች የታሚሉን መዝሙር ለሺቫ እንዲያሰሙ መመደቡና በቀን በቀን ያልተፈተገ ሩዝ እንዲሰፈርላቸው ማዘዙ ተቀርጿል። እንግዲህ የሕዝብ ቋንቋ የተባለው መዝሙር በንጉሥ ጎተራ ሲቀለብ እናያለን፤ ቤተ መንግሥትንና አምልኮን እንደ ሁለት ተፎካካሪ መንስኤዎች መለያየት አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ማራቲ ወደሚነገርበት አገር ወደ ማሃራሽትራ ልውሰድዎት፤ ጥያቄዎ በእውነት የሚመለሰው እዚያ ነውና። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቻክራዳር የተባለ መምህር ማሃኑባቭ የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። ከእርሱ በኋላ ማኅበሩን የመራው ናግዴቭ፣ ኬሾባስ የተባለው ሊቅ ደቀ መዝሙሩ በሳንስክሪት መጻፉን ባየ ጊዜ «ተው፣ በዚህ አሮጊቶቼ ባዷቸውን ይቀራሉ» ብሎ እንደከለከለው በማኅበሩ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ሳንስክሪት ለምን ተተወ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የቀረበ ምስክር አላውቅም። ክርክሩ ስለ ቋንቋ ክብር ወይም ስለ ሕዝብ ማንነት አይደለም፤ ሐሳቡ ከፊቱ የተቀመጡት፣ ስማቸውና ፊታቸው የሚታወቀው ሴቶች ቃሉን ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ነው። የመምህሩ ሕይወት የተተረከበት «ሊላቻሪትራ» የተሰኘው መጽሐፍም በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሰው እንደሚነጋገርበት ባለ ማራቲ ተጻፈ፤ በማራቲ ከተጻፉ የስድ ንባብ ሥራዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ያዘዘው ንጉሥ አልነበረም። የፖሎክ ክርክር ይሰነካከላል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስገርመው ግን የዚሁ ማኅበር መጨረሻ ነው። በኋላ ዘመን አባላቱ መጻሕፍታቸውን በምስጢር ፊደል መገልበጥ ጀመሩ፤ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ሊቃውንት ፊደሉን የፈቱት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ለአሮጊቶች ተብሎ በተመረጠ ቋንቋ የተጻፈው ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ለጎረቤት እንኳ ሳይነበብ ኖረ ማለት ነው። የሕዝብን ቋንቋ መምረጥ ብቻውን ሕዝብ ዘንድ አያደርስም፤ ማድረሻ ያስፈልገዋል። ያንን ማድረሻ ያገኙት በዚያው አገር በፓንዳርፑር ከተማ የሚመለከውን ቪቶባ የተባለ አምላክ የሚያከብሩት ተጓዦች፣ ማለትም ቫርካሪዎች ናቸው።

የእነርሱ የመጀመሪያ ታላቅ ሥራ ድንያኔሽዋር በፕራቫራ ወንዝ ዳር ባለችው በኔቫሳ በ1290 ያስተማረው ባጋቫድ ጊታ የተባለው ቅዱስ መጽሐፍ ትርጓሜ ነው። ጊታ በሳንስክሪት 700 ስንኞች ብቻ ሲሆን፣ ወጣቱ ድንያኔሽዋር በማራቲ ኦቪ በሚባሉ ወደ 9,000 በሚጠጉ አንጓዎች ዘረጋው። በመካከሉም ቋንቋዬ ማራቲ ነው፣ ነገር ግን በጣፋጭነት ከአማልክት መጠጥ ጋር ተወራርዶ ይረታል ብሎ ፎክሯል። በነገራችን ላይ ይህ ሰው ሳንስክሪትን የጠላ ሰው አይደለም፤ የሚተረጉመው የሳንስክሪት መጽሐፍ ነው፣ ዕውቀቱም ከዚያው የተቀዳ ነው። ዘመዶቹ የሆኑት ብራህሚኖች (የካህናቱ መደብ ሰዎች)፣ አባቱ ከመነኮሰ በኋላ ወደ ሚስቱ በመመለሱ ምክንያት ልጆቹን ከወገን እንዳወጧቸው በትውፊት ይነገራል። የሊቃውንቱን ቋንቋ ጠንቅቆ እያወቀ በሊቃውንቱ ዘንድ ቦታ ያጣ ሰው ለማን እንደሚናገር መገመት አያዳግትም።

ኦቪ የሚለውን ቃል ግን ዝም ብለው እንዳያልፉት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቻሉክያ ቤተ መንግሥት በሳንስክሪት የተጻፈ «ማናሶላሳ» የተባለ መጽሐፍ፣ የማሃራሽትራ ሴቶች እህል ሲሸከሽኩ የሚዘፍኑት ኦቪ እንደሆነ ይጠቅሳል። ስለዚህ ድንያኔሽዋር ያንን ሁሉ ፍልስፍና ያፈሰሰበት ማሰሮ ከሙቀጫና ከወፍጮ አጠገብ የተገኘ ነው። ሦስት ስንኞች ቤት ይመታሉ፤ አራተኛው አጠር ብሎ ቤት ሳይመታ ያርፋል፤ በዚያች ማረፊያ ላይ ክንድም ትንፋሽም ይመለሳል። የቫርካሪዎቹ ሌላው ቅርጽ አባንግ ሲሆን፣ በብዛት የሚታወቀው ዓይነቱ የሚለካው በቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ በሚነገሩ ድምፆች ብዛት ነው፤ 6፣ 6፣ 6፣ ከዚያ 4። የሳንስክሪት ምጣኔ የትኛው ቀለም ረጅም፣ የትኛው አጭር እንደሆነ መማርን ይጠይቃል፤ ስድስት ድረስ መቁጠር ግን ማንም ይችላል፣ በጭብጨባም ይያዛል። የእኛ እናቶች በወፍጮ ላይ ያንጎራጎሩትን የሰማ ሰው ይህ ነገር ማብራሪያ አያሻውም።

ጃናባይ ደግሞ ወፍጮው ላይ የነበረችው ራሷ ናት። ልብስ ሰፊ ከሚባለው ወገን በሆነው በገጣሚው በናምዴቭ ቤት ያደገች ገረድ ነበረች። በግጥሞቿ ውስጥ ቪቶባ ጎንበስ ብሎ ከእርሷ ጋር ይፈጫል፣ ውኃ ይቀዳላታል፣ ቤት ይጠርግላታል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ብቻዋን ስትፈጭ የምታድር ሴት የምታውቀው ሥራ ወደ አምላክ ሕይወት የገባበት ግጥም ነው፣ የሥራውም ዕቃ ሁሉ በስሙ ተጠርቷል። በሳንስክሪት ለዚህ የሚሆን ቃል ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ወፍጮ ፈጭቶ አያውቅም ነበር።

ግጥሞቿ ሲያበቁ «ጃኒ ትላለች» ወይም «የናማ አገልጋይ ጃኒ» የሚል ቃል ይገኛል። እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄዎ የሚመለሰው በዚህች ትንሽ ቃል ነው። በሕንድ ባክቲ ግጥም ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በመጨረሻው ስንኝ ውስጥ የገጣሚው ስም ይሰፋል፤ «ናማ ይላል»፣ «ቱካ ይላል»፣ «ካቢር ይላል»። ካንናዳዎቹ ዘንድ የሚሰፋው የሰው ስም ሳይሆን ገጣሚው የሚያመልከው አምላክ ስም ነው፤ «የሚገናኙ ወንዞች ጌታ» የሚለውን የሰማ የባሳቫ መሆኑን ያውቃል፣ «እንደ ጃስሚን የነጣው ጌታ» የሚለውን የሰማ ደግሞ ገጣሚዋ አካ ማሃዴቪ መሆኗን። መጽሐፍ ሽፋን ባልነበረው ዘመን ይህ ሽፋን ነበር። ታሚሎች ዘንድ ስለ ናታሙኒ የሚነገረው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፤ መንገደኞች የአልቫሩን የናማልቫርን አሥር ስንኞች ሲዘምሩ ሰማ፣ በመጨረሻው ላይ «ከሺህ ውስጥ እነዚህ አሥሩ» የሚል ቃል ስለነበረ የቀሩትን ለማግኘት ተነሣ፣ በመጨረሻም የአልቫሮቹ 4,000 ስንኞች በእርሱ እጅ ተሰበሰቡ ይባላል። ግጥሙ ስንት ወንድም እህት እንዳለው በራሱ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ከስሙ ቀጥሎ ጉባኤው አለ። ማሃራሽትራ ውስጥ ኪርታን በሚባለው ዝግጅት መሪው ቆሞ አንዱን አባንግ ያነሣል፣ ያብራራል፣ ታሪክ ያወራል፣ ከኋላው የቆሙት ጸናጽልና ከበሮ ይዘው አዝማቹን ይመልሳሉ፣ ሕዝቡም ይቀበላል። የኪርታን መሪዎች ከላይ በኩል የተሰፋ፣ ለመሸከምና ቶሎ ለመግለጥ የሚመች ረዘም ያለ ደብተር ይይዙ ነበር፤ በውስጡም ከየገጣሚው ለዚያ ምሽት የሚሆነውን እየመረጡ ይጽፉበታል። ጽሑፉ ቃሉን የሚያግዝ ማስታወሻ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስበው ግጥሙ መቶ ዓመታት በቃል ብቻ ኖሮ አንድ ቀን ወረቀት ላይ እንደሰፈረ ነው፤ እውነቱ ግን ደብተሩና አፉ ጎን ለጎን ሲሄዱ መኖራቸው ነው። በፓይታን ይኖር የነበረው ብራህሚኑ ኤክናት በ1584 የድንያኔሽዋርን መጽሐፍ ከተለያዩ ቅጂዎች አስተያይቶ ሲያርም፣ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የተጠራቀመውን የገልባጮች ስሕተት ለማጥራት ነበር። ለአገሬው ቋንቋ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ መደረጉ በራሱ መጽሐፉ የደረሰበትን ማዕረግ ይናገራል።

ቱካራም የመጣው በመጨረሻ ነው። በዴሁ መንደር የእህል ነጋዴ ልጅ ሲሆን በ1630 ገደማ በደረሰው ረሀብ አንዷ ሚስቱ እህል እህል እያለች መሞቷን በገዛ ግጥሙ ተርኳል። ዝቅ ካለው ከሹድራ መደብ ሆኖ በጥንታዊው ቅዱስ መጽሐፍ በቬዳ ጉዳይ ተናገረ ተብሎ ደብተሮቹን ወደ ኢንድራያኒ ወንዝ እንዲጥል እንደተገደደ፣ ከ13 ቀን በኋላም ሳይርሱ እንደተንሳፈፉ ትውፊቱ ይናገራል። ታሪኩን እንደ ተአምር ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም፣ አንድ ነገር ያሳያል፤ የሚፈራው ድምፁ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉም ነበር። ከሚናገረው ላይ ይጽፉለት ከነበሩት መካከል ዘይት ጨማቂው ሳንታጂ በስም ይታወሳል። የቦምቤይ መንግሥት ወጪውን ችሎ በ1873 በተጠናቀቀ እትም ግጥሞቹን ሲያሳትም ከ4,500 በላይ ሆነው ተገኙ።

ሁሉንም ቱካራም ገጥሞታል ወይ? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ስም በስንኝ ውስጥ መስፋት ጠባቂ የሆነውን ያህል በር ከፋችም ነው፤ ማንም የገጠመውን «ቱካ ይላል» ብሎ ሊጨርስ ይችላል፣ ይህንንም የሚያደርገው ለማጭበርበር ሳይሆን በዚያ ድምፅ ስለተናገረ ነው። በሰሜኑ ገጣሚ በሱርዳስ ላይ የደረሰው ከሁሉ ይገርማል፤ በ1582 የተጻፈው ቀደምት ቅጂ በስሙ የያዘው ጥቂት መቶ ግጥሞች ሲሆን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታተመው ስብስብ ግን ወደ 5,000 ይደርሳል። የባናራሱ ሸማኔ ካቢርም ቀለምና ወረቀት ነክቼ አላውቅም ማለቱ ተመዝግቧል፤ የፑንጃብ ሲኮች፣ ዳዱ የተባለው መምህር የራጃስታን ተከታዮችና የምሥራቁ የካቢር ማኅበር የያዟቸው ስብስቦች ደግሞ እርስ በርስ እምብዛም አይገናኙም፣ እያንዳንዱም የራሱን ካቢር ያሳያል። «ሳንስክሪት የጕድጓድ ውኃ ነው፣ የሰው ቋንቋ ግን ወራጅ ውኃ ነው» የሚለው በስሙ የሚነገር አባባል በየንግግሩ ይጠቀሳል፤ ውብ ነው፣ እኔ ግን በማስረጃነት አልጠቅሰውም። ለሥነ ጽሑፍ እድገት ሲታይ ይህ መባዛት ጉዳት አይደለም። መቶዎች ገጣሚዎች በአንድ ስም ሥር ሲማሩ፣ ሲለማመዱና ሲጨምሩ ቋንቋው ነው የሰፋው።

ሳንስክሪት ተጣለ የሚለውም መታረም አለበት። በቤንጋል የክሪሽናን አምልኮ ያቀጣጠለው ቻይታንያ ራሱ ጽፎታል የሚባለው ስምንት ስንኝ ብቻ ሲሆን እርሱም በሳንስክሪት ነው፤ በቭሪንዳቫን የሰፈሩ ደቀ መዛሙርቱ ነገረ መለኮቱን በሳንስክሪት ጻፉ፤ ሕይወቱን የሚተርኩት ታላላቅ መጻሕፍት ግን በብዛት በቤንጋሊ ናቸው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሥራ ተከፋፍለው ነበር። ቱልሲዳስም በ1574 በአዮድያ የራማን ታሪክ በሰሜን ሕንድ በሚነገረው በአዋዲ ቋንቋ ሲጀምር የየምዕራፉን መክፈቻ በሳንስክሪት አድርጎታል። የአዋዲውን የትረካ ቅርጽ ደግሞ ከሱፊ ሙስሊሞች ዘንድ ተለማምዶ ነው ያገኘው፤ ዳውድ የተባለው ሱፊ በ1379፣ ጃያሲም በ1540 በዚያው ዓይነት ስንኝ ረጃጅም የፍቅር ታሪኮችን ጽፈውበታል። የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ በሂንዱ ባክቲ ብቻ አደገ የሚል መጽሐፍ ካጋጠመዎት ይህንን ግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

ኦሪሳንና (ዛሬ ኦዲሻ) አሳምን ባጭሩ ልንካቸው። በኦሪሳ ጃጋናት ዳስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የክሪሽናን ታሪክ የያዘውን «ባጋቫታ ፑራና» በዘጠኝ ቀለም ምጣኔ ወደ ኦዲያ መለሰው፤ ሳንስክሪት ለማትሰማ እናቱ ብሎ እንደጀመረው ይተረካል። ለዚህ መጽሐፍ ንባብ የተለየች የመንደር ጎጆ ትሠራ ነበር፤ ብዙ የኦሪሳ ገበሬ ፊደል የቆጠረው በእርሷ ውስጥ ነው። በአሳምም ሻንካርዴቭ ያስፋፋው የጸሎት አዳራሽ ዛሬም የመንደሩ መሰብሰቢያ፣ የመዝሙርና የሃይማኖታዊ ድራማ ቦታ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ባክቲ ሲወራ «የዘር መደብን ሻረ» መባሉ ስለማይቀር ነው። ቾካሜላ በዚያ ዘመን አይነኬ ከሚባሉት ከማሃሮች ወገን ሲሆን የቪቶባ ገጣሚ ነበር። «ሸንኮራው ጎባጣ ነው፣ ጭማቂው ግን አይጎብጥም፤ በላይኛው ቀለም ለምን ትታለላለህ?» ያለው እርሱ ነው። ይህ አባንግ በብራህሚኖችም አፍ ሲዘመር ኖሯል። በየዓመቱ በክረምቱ መግቢያ ከአላንዲ የድንያኔሽዋርን፣ ከዴሁ የቱካራምን የብር ጫማ ምስል በሠረገላ ይዘው ሦስት ሳምንት ያህል በእግር የሚጓዙት ሰዎች ከሌሎቹ ገጣሚዎች ጋር የእርሱንም ይዘምራሉ። ሰውየው ግን ወደ መቅደሱ እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ መቃብሩ የሚታየው ከፓንዳርፑር መቅደስ በር ደረጃ ሥር ነው። ወገኖቹ ያንን ደረጃ አልፈው እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ሳኔ ጉሩጂ የተባለው መምህር በጾም ካመፀ በኋላ በ1947 ሲሆን፣ ሸንኮራው ከተገጠመ ያን ጊዜ ስድስት መቶ ዓመት አልፎት ነበር።